በመስከረም ያልተጻፈ ስም በሰኔ አይጠራም

አደይ አበባው ፈክቷል፣ እንግጫው ተነቅሏል፣ ደብተሩም ተገዝቷል። እንግዲህ የቀረው ትምህርቱ ነው።

ዛሬ የምንጽፈው ስለ መስከረም ሥራ ነው። ብዙ ልጆች «ከመስቀል በፊት እኮ ትምህርት የለም፤ ስም መጻፍና ሣር ማጨድ ብቻ ነው» ይላሉ። አንዳንድ ወላጆችም እንደዚያው ነው የሚያስቡት። ነገር ግን መጽሐፍ ይድረሰን አይድረሰን፣ በአንድ ክፍል ስንት ሆነን እንቀመጥ፣ ማን ከጎናችን ይኑር ማንስ ይቅር የሚለው በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ስለዚህ በመስከረም ትምህርት ቤት ውስጥ ምን ምን እንደሚሠራ፣ ለምንስ እንደሚሠራ በየተራው እናያለን።

1. ትምህርት በመስከረም መጀመሩ ለምንድን ነው?

በሰከላና በአካባቢው ሐምሌና ነሐሴ የውኃ ወራት ናቸው። ግልገል ዓባይና ገባሮቹ ይሞላሉ፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ጉሙ ደግሞ ሰው ከሰው አያስተያይም። ከማዶ ቀበሌ ያለ ልጅ ወንዝ ተሻግሮ በየቀኑ ሊመጣ አይችልም። እርሻውም ሰው የሚፈልገው በዚሁ ጊዜ ነው። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ እየቀነሰ ይሄዳል፤ መንገዱም ይደርቃል።

ሁሉም አገር እንደኛ አይደለም። ለምሳሌ በጃፓን የትምህርት ዓመት የሚጀመረው በእነሱ ኤፕሪል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት መጨረሻ ማለት ነው። እያንዳንዱ አገር የሚመቸውን ወር ይመርጣል።

አንድ ነገር ግን እንዳንረሳ። በእኛ አቆጣጠር ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው። ትምህርት ሲከፈት ክረምቱ ገና አላለቀም ማለት ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ወንዝ ከሞላ ብቻችሁን አትሻገሩ። ትልቅ ሰው እስኪመጣ ጠብቁ፤ ካልሆነም ወደ ቤት ተመለሱና በማግስቱ ለክፍል ኃላፊ መምህራችሁ ምክንያቱን ንገሩ። ለዚህ ማንም አይቆጣችሁም።

2. ምዝገባና ሮስተር

ምዝገባ ማለት ስምን በወረቀት ላይ ማስፈር ብቻ አይደለም፤ መቆጠር ነው። እያንዳንዱ ት/ቤት የተማሪዎቹን ቁጥር በክፍልና በፆታ ለይቶ ለወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት ይልካል። ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ደግሞ ለትምህርት ሚኒስቴር ያስተላልፋል። መጽሐፍ ሲከፋፈል፣ መምህር ሲመደብ፣ ት/ቤቱ ለጠመኔና ለጥገና የሚያገኘው የስኩል ግራንት ገንዘብ ሲሰላ የሚታየው ይኸው ቁጥር ነው። ያልተመዘገበ ልጅ በዚያ ወረቀት ላይ የለም። መጽሐፉም አብሮት የለም።

እስቲ በሒሳብ እንየው። በአንድ ት/ቤት 3ኛ ክፍል ውስጥ እስከ መስከረም መጨረሻ 90 ልጆች ተመዘገቡ እንበል። ር/መምህሩ 90ን ለ2 ክፍል አካፍለው 45፣ 45 ያስቀምጣሉ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ «ረስተን ነው»፣ «ከብት ስንጠብቅ ነው» እያሉ 30 ልጆች ቢመጡ እያንዳንዱ ክፍል 60 ይሆናል። በአንድ ዴስክ 4 ልጆች ይጨናነቃሉ፤ ከኋላ ያለው ጥቁር ሰሌዳውን አያይም። እነዚያ 30 ልጆች በጊዜ መጥተው ቢሆን ግን ጠቅላላው 120 ነበር፤ ክፍልና መምህር ከተገኘም 120 ለ3 ሲካፈል 40፣ 40 ይደርሳል። አያችሁ? የዘገየው ልጅ ራሱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ በጊዜ የመጣውንም ያጨናንቃል።

ለምዝገባ ምን ይዘን እንሂድ? 1ኛ ክፍል የሚገባ ልጅ 7 ዓመት የሞላው ሆኖ ከእናት ወይም ከአባት፣ እነሱ ከሌሉም ከአሳዳጊው ጋር ይመጣል። ነባር ተማሪ የአምናውን ሪፖርት ካርድ ይይዛል። ከሌላ ት/ቤት የመጣ ደግሞ መሸኛ ያመጣል። ነገር ግን ካርድ ጠፋ ብላችሁ ቤት አትቅሩ! መጀመሪያ ኑና ተናገሩ፤ መፍትሔው ከዚያ ይፈለጋል።

3. የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ

ክረምቱን ሙሉ ሰው ያልረገጠው ግቢ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ የውኃ መውረጃው ቦይ ይጠረጋል፣ ክፍሎች ይጸዳሉ፣ ሽንት ቤቱ ይታያል። ሣር ሲታጨድ ትንንሾቹን ወደ ዳር እናርጋቸው፤ ማጭድ አያዝም የሚሉት እውነታቸውን ነው፣ እባብም ሊኖር ይችላል። መጥረጊያ የሴት፣ ማጭድ የወንድ የሚባል ነገር ግን በእኛ ት/ቤት ይቅር። ሁሉም ሁሉንም ይሥራ።

ከዚያ የክፍል ኃላፊ መምህር ይመደባሉ፤ የክፍል አለቃም ይመረጣል። አለቃ የሚመረጠው ጉልበተኛ ስለሆነ አይደለም። ጧት ቀድሞ የሚመጣ፣ የቀረውን ልጅ የሚያስታውስ፣ የሚያወራውን ልጅ ስም ሲጽፍ ለዘመዱ የማያዳላ መሆን አለበት። አምና አለቃ የነበረ ዘንድሮም አለቃ ይሁን የሚል ሕግ የለም። ሴት ልጅ አለቃ ስትሆንም «እሷን ማን ይሰማታል» የሚል ካለ፣ መጀመሪያ እሱ ይስማ።

አቀማመጥም ዝም ብሎ አይደለም የሚደለደለው። አጭር ልጅ ከፊት ይሆናል። ዓይኑ ከሩቅ የማያይለት ወይም ጆሮው የሚከብደው ልጅም ከፊት መሆን አለበት። ይህን ደግሞ መምህር በመጀመሪያው ቀን ሊያውቁ አይችሉም። አፍራችሁ ዝም አትበሉ። ጓደኛችሁ ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን ሲያጠብ ካያችሁ ቀስ ብላችሁ ለመምህሩ ንገሩለት።

መጽሐፍ ሲታደልም ለሁሉም ላይበቃ ይችላል። ያኔ አንዱን መጽሐፍ ሁለት ሦስት ሆነን እንይዛለን። እዚህ ላይ ብዙ ጠብ ይነሳል። ጥሩው ዘዴ በሰፈር መካፈል ነው። ቤታቸው የሚቀራረብ ልጆች አንድ መጽሐፍ ከያዙ ማታ ማታ አብረው ሊያነቡ ወይም በተራ ሊወስዱት ይችላሉ። አንዱ ከላይ ሰፈር፣ አንዱ ከወንዝ ማዶ ከሆኑ ግን መጽሐፉ የአንዱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መጽሐፉን በጋዜጣ ወይም በሲሚንቶ ወረቀት ልበዱት። ሰኔ ላይ ስንመልሰው ለታናናሾቻችን ነው የሚተላለፈው።

4. አሥር ቀን ብንቀር ምን ይመጣል?

«አሥር ቀን ምን አላት» ይባላል። እስቲ እንቁጠራት። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በቀን 6 ክፍለ ጊዜ ብንማር በ10 ቀን 60 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። 60 በ40 ሲባዛ 2400 ደቂቃ፣ ማለትም 40 ሰዓት ነው። ይህን ለማካካስ ቅዳሜ ቅዳሜ 4 ሰዓት ብናጠና እንኳ 10 ቅዳሜ ይፈጃል። ማን ያጠናል? እውነቱን እንነጋገር፣ ማንም።

ለ1ኛ ክፍል ደግሞ ይብሳል። የፊደል ገበታችን 33 ቤት አለው፤ እያንዳንዱ ቤት 7 ፊደል ነው። ሲባዛ 231 ይመጣል። በቀን አንድ ቤት ይማራሉ ብንል፣ 10 ቀን የቀረ ሕፃን 70 ፊደል አመለጠው ማለት ነው። ሌሎቹ ቃል መመሥረት ሲጀምሩ እሱ ገና ፊደሉን ይፈልጋል። ከዚያ ያፍራል። ያፈረ ልጅ እጁን አያወጣም፤ እጁን ያላወጣ ልጅ ቀስ በቀስ መቅረት ይጀምራል። ትምህርት ማቋረጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ስሙ ሮስተር ላይ ሳለ ልጁ ግን ከክፍል ይጠፋል።

ልጆች ለምን ይቀራሉ? ስንፍና ብቻ አይደለም። ከብት የሚጠብቅ ሰው የለም። ሰብሉን ዝንጀሮና ወፍ እንዳያጠፋው የሚያባርር ይፈለጋል። ታናሽ ወንድም የሚያዝል፣ ውኃ የሚቀዳ ይፈለጋል። ይህን የምናውቀው እኛው ነን፤ የምንሠራውም እኛው ነን። ግን ዘዴ አለው።

አንደኛ፣ ት/ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ የአንድ ቤት ልጆች በተለያየ ፈረቃ እንዲሆኑ ወላጅ መጥቶ ር/መምህሩን መጠየቅ ይችላል። አንዱ ጧት ሲማር ሌላው ይጠብቃል፤ ከሰዓት ይቀያየራሉ። የሚጠየቀው ግን አሁን፣ ክፍል ሲደለደል ነው። ኅዳር ላይ ማስተካከል ከባድ ነው።

ሁለተኛ፣ ለእርሻ ወንፈልና ደቦ አለን። ለእረኝነትስ ምነው? አምስት ጎረቤታሞች ከብቶቻቸውን ቀላቅለው ከየቤቱ አንድ ትልቅ ሰው በሳምንት አንድ አንድ ቀን ቢጠብቅ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስቱም ቤት ልጆቹን ይልካል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

5. ከርመው የተመለሱ ጓደኞቻችን

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ እንዲነበብ እንፈልጋለን።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በአገራችን ያሉ ት/ቤቶች ተዘጉ። ይህ ካለፈ በኋላ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ሰላም በመታጣቱ ብዙ ት/ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። በምዕራብ ጎጃምም እንደዚሁ። ስለዚህ ዘንድሮ አጠገባችን የሚቀመጥ ልጅ ከእኛ በቁመት የሚበልጥ ሊሆን ይችላል።

ስሌቱን እንየው። በ2012 ዓ.ም. በ7 ዓመቱ 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳያቋርጥ ቢማር ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ይሆን ነበር። 2016ንና 2017ን ካልተማረ ግን ያጠናቀቀው 4ኛን ነውና ዘንድሮ የሚቀመጠው 5ኛ ክፍል ነው። ዕድሜው ግን 13 ሆኗል። ይህ ልጅ አልወደቀም። ሰነፍም አይደለም። ዓመቱ ነው የጎደለበት። ታዲያ «አባባ»፣ «ሽማግሌው ተማሪ» እያልን ብንስቅበት ምን አገኘን? በመከራ የተመለሰውን ልጅ እኛ በሳቅ አባረርነው ማለት ነው።

ካርዱ የጠፋበት ካለ መምህራን የሚችለውን በጥያቄ መዝነው የሚመጥነውን ክፍል ያሳዩታል። ይህ መቀጫ አይደለም። ፊደል የረሳ ልጅ በአንድ ጊዜ 5ኛ ክፍል ቢቀመጥ የሚጎዳው ራሱ ነው።

ሴቶች እህቶቻችንን ደግሞ ለብቻ እናንሳ። ት/ቤት ተዘግቶ ቤት የዋለች ልጅ ላይ «እንግዲህ ትዳር ትያዝ» የሚል ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። የቤተሰብ ሕጉ ግን 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዳትዳር ይከለክላል። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ተማሪ ለክፍል ኃላፊው መምህር ወይም ለሴቶች ክበብ ተጠሪዋ መምህርት በቶሎ ይንገር። የነገረውን ልጅ ስም ማውጣት አያስፈልግም። የተመለሰችውን ልጅ ደግሞ «የት ከረምሽ?» እያልን አናጨናንቃት። «ነይ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ» ማለት ይበቃል።

ሌላስ ምን እናድርግ? ደብተራችንን እናውሳቸው። በአንድ ለአምስት ቡድናችን ውስጥ ከሚችለው ልጅ አጠገብ እናስቀምጣቸው። የማጠናከሪያ ትምህርት ካለ አብረን እንቅር። እነሱም እኮ የሚያስተምሩን አላቸው። ሁለት ዓመት ያረሰ፣ የነገደ፣ ቤት ያስተዳደረ ልጅ ሒሳብ በቃሉ ከእኛ ፈጥኖ ያሰላል። እህል ሸጦ መልስ መቁጠር ሒሳብ አይደለም እንዴ?

6. ትንንሾቹ

1ኛ ክፍል የገባ ሕፃን የመጀመሪያውን ሳምንት የሚፈራው ትምህርቱን አይደለም። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ አያውቅም፤ ለመጠየቅም ያፍራል። ደወሉ ሲመታ ዕረፍት ይሁን ወደ ቤት መሄጃ አይለይም። አንዳንዱ በዕረፍት ሰዓት ቦርሳውን አንግቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል! ትልልቅ ልጆች ሲሮጡ ይገፈትሩታል።

ስለዚህ ክበባችን የሚለው እንዲህ ነው። የ6ኛ ክፍል ተማሪ እያንዳንዱ አንድ የ1ኛ ክፍል ልጅ ከሰፈሩ ይያዝ። ሽንት ቤቱን፣ የውኃ ቧንቧውን፣ ክፍሉን ያሳየው። ደወሉ ስንት ጊዜ ሲመታ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳው። ጧት ይዞት ይምጣ፣ ሲለቀቅም ይዞት ይሂድ። ቅድም ባነሳናት በጃፓን በብዙ ቦታ የአንድ ሰፈር ልጆች ተሰባስበው፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየመሩ ነው ወደ ት/ቤት የሚሄዱት። ክፍላቸውንም ራሳቸው ይጠርጋሉ። እኛም ይህ አያቅተንም፤ ግልገል ጥጃ ሳይጠፋብን አድገን የለ!

«6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለብን፣ ጊዜ የለንም» የሚል ሊኖር ይችላል። መንገዱን እንደሆነ በየቀኑ ትሄዱበታላችሁ። አንድ እጅ መያዝ ጊዜ አይወስድም።

7. ወላጆች ሆይ

ወላጆቻችን፣ በዓመቱ መጀመሪያ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት ስብሰባ ሲጠራ ኑልን። ስብሰባው መዋጮ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። የተሰበረ ዴስክ እንዴት ይጠገን፣ አጥሩን ማን ይሥራ፣ የቀሩ ልጆችን ማን ሄዶ ያምጣ የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው። የተማሪ ተወካይም በዚያ ይቀመጣልና ሲናገር ዝም በል አትበሉት።

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ ምን ልከታተል» የምትሉ እናቶችና አባቶች አላችሁ። መከታተል ትችላላችሁ። ማታ ማታ ደብተሩን አስወጡት። ትናንት ካያችሁት ገጽ ቀጥሎ አዲስ ጽሑፍ አለ ወይ? ቀይ እስክርቢቶ የነካው አለ ወይ? ከዚያ «ዛሬ ምን ተማርክ? እስቲ ንገረኝ» በሉት። ለእናቱ ማስረዳት የቻለ ልጅ ትምህርቱ ገብቶታል። ሦስት ቀን አዲስ ገጽ ካልተጻፈ ግን ልጁ የት እንደሚውል ጠይቁ።

8. የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ

የመስቀል በዓል መስከረም 17 ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ወረቀት ያዘጋጅ። በወረቀቱ ላይ አምና አብረውን ተምረው ዘንድሮ ያልመጡ ልጆችን ስም እንጻፍ። ከስሙ ጎን ሰፈሩንና የምናውቀውን ምክንያት እንጨምር፤ ሰው የሚያሳፍር ምክንያት ከሆነ ግን አይጻፍ፣ ለመምህሩ በቃል ይነገር። ወረቀቱን አለቃው ለክፍል ኃላፊ መምህር ይስጥ። በመስቀል ደመራ ላይ እነዚያን ልጆች ማግኘታችን አይቀርም። ስናገኛቸው «ሰኞ አብረን እንሂድ፣ መጥቼ እጠራሃለሁ» እንበላቸው። መጥቼ እጠራሃለሁ ያለ ደግሞ ይጥራ!

ዓባይ ከእኛው ከግሽ ሲነሳ ሕፃን የሚሻገረው ውኃ ነው። መንገድ ላይ ጅረቱ ሁሉ እየተቀላቀለው ጣና ይደርሳል። ከጣና ወጥቶም ሌሎች ወንዞችን እየሰበሰበ ጉባ ሲደርስ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ የሚሞላ ሆኗል። መንገድ ላይ የተቀላቀሉት ጅረቶች ቢቀሩ ኖሮ ውኃው እዚያ በደረሰ ነበር? የክፍላችንም ነገር እንዲሁ ነው። የቀረው አንድ ልጅ ትንሽ ጅረት ቢመስልም ከእኛው ነውና እንጥራው።

መልካም የትምህርት ዘመን! ለአገራችን ሰላም፣ ለሁላችንም ጤና ይስጠን።

የት/ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ
መስከረም 2018 ዓ.ም.
ግሽ ዓባይ